ተርፋለች ወይስ አርፋለች?

በዚያን ጊዜ መቻራ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ኦፕሬተሩ» ነበር የምባለው። የምተኛው እዚያው ሥራ ቦታዬ፣ ከሬዲዮው ጀርባ በጣውላ በተከፈለች ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው መሣሪያውን፣ ማታ ፋኖሱን ሳጠፋ የማየው መሣሪያውን። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ አራት። ከተማዋ ከገባሁ አስራ አንድ ወር ሆኖኝ ነበር፤ በአስራ አንድ ወር ውስጥ ከማንም ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ሙሉ ወሬ አውርቼ አላውቅም። ሰው ጠልቶኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አዲስ አበባ የሬዲዮ ሥልጠና ላይ እያለሁ፣ እናቴ ሞተች። አባቴ አላስጠራኝም። «ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል» ብሎ ሳይነግረኝ ቀበራት። ከአስራ ስምንት ቀን በኋላ መርካቶ ውስጥ አንድ የሰፈራችን ልጅ አገኘኝና እጄን ይዞ «እግዜር ያጥናህ» አለኝ።

«በማን?» አልኩት።

ያ «በማን» ከአፌ ከወጣ በኋላ ከአባቴ ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። ምድብ ሲወጣ ማንም የማይፈልገውን ሩቅ ቦታ ስጡኝ አልኩ፤ መቻራ ሰጡኝ። የት እንዳለሁ እንኳን አልጻፍኩለትም።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። መቻራ ያኔ ስልክ የላትም። ከአሰበ ተፈሪ ጋር የሚያገናኘን ይኸው ሬዲዮ ነው። በድምፅ መነጋገር የሚቻለው አየሩ ሲጠራ ነው፤ ክረምት ሲገባ የሰው ድምፅ በጩኸት ይዋጣል። የሞርስ ምት ግን ያልፋል። ሞርስ ማለት እያንዳንዱን ፊደል ወደ አጭርና ረጅም ድምፅ መለወጥ ነው። ሰዉ መጥቶ የሚልከውን ይነግረኛል፤ በኦሮምኛ ከሆነ የሚያስተረጉም ይዞ ይመጣል። እኔ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እገለብጥና በመምቻዋ ላይ በጣቴ እመታዋለሁ። አሰበ ተፈሪ ያለው ባልደረባዬ ጢ ጣ የሚለውን ሰምቶ መልሶ ቃል ያደርገዋል። በቀን ሁለት ጊዜ እንገናኛለን፤ ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት አስር ሰዓት። የግል ወሬ ክልክል ስለሆነ ስሙን አላውቅም። የእጁን አመታት ግን ከሺህ ሰው መካከል ብትሰጡኝ እለየዋለሁ። ረጋ ያለ፣ ቃል ሲጨርስ ትንሽ ትንፋሽ የሚወስድ እጅ ነበር።

እንግዲህ የዚያ የነሐሴ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዎች በዝናብ እየሮጡ መጡ። አንደኛው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። ሁለተኛዋ አዮ ፋጡማ የሚሏቸው ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ የባለሱቁ የሸምሱ አማት።

«ኦፕሬተር፣ አስቸኳይ ነው» አለ ድሬሰሩ። «የሸምሱ ሚስት ከድጃ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣለች። ልጁ ተጋድሞባታል። ኦፕራሲዮን ካልሆነች ሁለቱም ያልቃሉ። ለአሰበ ተፈሪ ንገርልኝ፤ መኪና ይላኩልን። እኛ በቃሬዛ ይዘናት እንነሳለን፣ መኪናው ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ይምጣና መንገድ ላይ ይቀበለን።»

አዮ ፋጡማ አማርኛቸው ጥቂት ነው። መስኮቴን በመዳፋቸው መቱት። «አንተ ልጅ፣ ይህ ብረት ቶሎ ይናገር። ልጄ እየሞተ ነው።»

መታሁት። ስቸኩል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አርሜ ደገምኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ መኪና ይነሳል። አስር አስራ ሁለት ወንዶች ከድጃን ብርድ ልብስና የሸራ ልባስ አልብሰው በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፤ ድሬሰሩ ከጎናቸው ሄደ። አዮ ፋጡማ እግራቸው ስለማይችል ቀሩ። ቃሬዛው ከከተማው መውጫ ካለው የቡና መጋዘን ጀርባ እስኪሰወር ቆመው አዩ፤ ከዚያ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ እየተጎተተ ወደ ቤት ሄዱ።

ሸምሱ ከተማ አልነበረም። ሸቀጥ ጭኖ ወደ ገጠር ገበያ ወርዶ ነበር። ማታ ሲመለስ ነገሩት፤ በቅሎውን እንኳን ሳያሳርፍ ተከትሎ ሄደ። ግን ቃሬዛው ካለፈ በኋላ ወንዙ ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ወስዶታል። ጎህ ሲቀድ ደርሶ ወዲህ ማዶ ቆመ። ሐሙስ ቀትር ላይ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ መስኮቴ ስር አየሁት።

ሸምሱን የማውቀው በባንኮኒ ነው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ባትሪ ድንጋይ እገዛለሁ፤ «ደህና ነህ ኦፕሬተር?» ይለኛል፤ «ደህና» እለዋለሁ። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው አሰበ ተፈሪ የነገዱ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ ኋላ መቻራ ሱቅ ከፈተ፤ እዚሁም ከድጃን አገባ። ጥርሱ የማይከደን፣ ከሁሉም ጋር በየቋንቋው የሚቀልድ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ያ ሰው አልነበረም።

«ወንድሜ፣ ወንዙ አላሳልፍ አለኝ» አለኝ። «ልዋኝ ገባሁ፤ ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። አሁን ያለኸኝ አንተ ነህ። ምን ሰማህ?»

«እስካሁን ምንም። አስር ሰዓት ላይ እንገናኛለን ጋሽ ሸምሱ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እንዲህ ሆኜ አልገባም። እዚሁ ነኝ።»

ከመስኮቱ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም። አስር ሰዓት ሲቃረብ በስተምዕራብ ሰማዩ ጠቆረ። ደንባችን ግልጽ ነው፤ ነጎድጓድ ሲቀርብ የአንቴናውን ሽቦ ከመሣሪያው ነቅሎ መዝጋት ነው። እጄን ወደ ሽቦው ሰደድኩ። ሸምሱን አየሁት። እጄን መለስኩ።

በአስር ሰዓት ያ የማውቀው እጅ ጠራኝ። መለስኩለት። መልእክቱ ጀመረ። በማዳመጫው ውስጥ መብረቁ እንደ ደረቅ ጨርቅ ይቀደዳል፤ በቅዳጁ መካከል ፊደሎቹን እየለቀምኩ እጽፋለሁ። «ለሸምሱ መቻራ። ከድጃ ዛሬ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ ወንድ ደህና ነው። እናትየዋ» አለና ትንፋሽ ወሰደ፤ ቀጠለ፤ ቃሉን ጨረሰ። ወዲያው ክፍሉ በብርሃን ተሞላ፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳ፣ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ወርውሬ ወደ ኋላ ወደቅኩ። ውጭ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። የአንቴናው ምሰሶ ከወገቡ ተቆርጦ ሽቦው ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ።

ተነስቼ መሣሪያውን ነካካሁት። ነፍስ አለው፤ ግን ያለ ሽቦ ደንቆሮ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት። የመጨረሻው ቃል በእጄ ጽሑፍ «አርፋለች» ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። «ተርፋለች» እና «አርፋለች» በሞርስ ሲመቱ ከመነሻቸው በቀር አንድ ናቸው። «ተ» አንድ ረጅም ምትና አንድ አጭር ምት ናት። «አ» አንድ አጭርና አንድ ረጅም። ከዚያ በኋላ ያለው «ርፋለች» ቅንጣት ልዩነት የለውም። በጥሩ አየር «ተ» በፈረንጅ ሁለት ፊደል ስለሆነች በሁለቱ ምቶች መካከል ትንሽ ፋታ አለች፤ ልጅ እንኳን ይለየዋል። መብረቅ ሲቀላቀልበት ግን ፋታዋም ትጠፋለች፤ አጭሩና ረጅሙም ቦታ ይለዋወጣሉ። ጣቴ «አርፋለች» ብሎ ጽፏል። ጆሮዬን ስጠይቀው ግን አያውቅም።

«ጻፍክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሸምሱ መስኮቱን ይዞ ቆሟል።

«መስመሩ ተቋረጠ።»

«እሱንማ አየሁት። ከመቋረጡ በፊት ጻፍክ። እጅህን ሳየው ነበር።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። «ልጁ ደህና ነው» አልኩ። «ወንድ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። «እናቱስ?»

ልዋሸው ነበር። ሁለት ውሸት በአፌ ውስጥ ተዘጋጅተው ነበር፤ አንዱ ደስ የሚያሰኝ፣ አንዱ «እስኪ ነገ» የሚል። የትኛውንም ማውጣት አቃተኝ። ወጥቼ አጠገቡ ቆሜ እውነቱን ነገርኩት፤ ለእናንተ እንዳስረዳሁት አስረዳሁት። ዝናቡ በሁለታችንም ላይ ይወርዳል።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ምታልኝ» አለ።

«ምን?»

«ሁለቱን ቃል። ልስማቸው።»

ገብተን ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ መታሁለት። መጀመሪያ ረጅም፣ አጭር። ቀጥሎ አጭር፣ ረጅም። ረጅሙን እርሳሱን በጣውላው ላይ እየጎተትኩ አሳየሁት። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ራሱ በጣቱ ሞከረው፤ ረጅም፣ አጭር፤ አጭር፣ ረጅም። እንግዳ ቋንቋ እንደሚማር ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

«ወረቀቱ ላይ የትኛውን ነው የጻፍከው?»

እንዳይጠይቀኝ የፈራሁት ይህንን ነበር። ገልብጬ ሰጠሁት። አነበበው።

«ሰምተህ ነው ወይስ ፈርተህ?»

«አላውቅም» አልኩት። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በዚህ መካከል አዮ ፋጡማ በትራቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ገቡ። ምሰሶው መውደቁን ሰው ነግሯቸዋል። «ብረቱ ምን አለ?» አሉ።

ሸምሱ በኦሮምኛ ልጁ መወለዱን ነገራቸው። ባለችኝ ጥቂት ኦሮምኛ ተረዳሁት። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው በዝናቡ መካከል እልል አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭንና ረጅም ነበር። ከዚያ እልልታው በአንዴ ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ፤ አማቻቸውን ትተው ወደ እኔ።

«ልጄስ?»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ጫማዬን አየሁ።

«እየጠየቅን ነው አዮ» አለ ሸምሱ። «ሽቦው ተበጥሷል። ነገ ጠዋት ይነግሩናል፣ ኢንሻአላህ።»

ብዙ ቆመው አዩን። ሲሄዱ ሸምሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለማንም እንዳትነግር» አለኝ። «እስከ ነገ እኔና አንተ እንያዘው። ለአዮ ከብዷቸዋል፤ ይህንን አይችሉትም።»

«እኔና አንተ» ያለኝ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቦውን ከጭቃው አወጣነው። ሦስት ቦታ ተበጥሷል። እኔ በፒንሳ ስቀጥል እሱ ሌላውን ጫፍ ወጥሮ ይይዛል። በመካከል አቁሞ ካፖርቱን መሬት ላይ አንጥፎ ሰገደ፤ ግንባሩ መሬት ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ መሰለኝ። ተመልሶ ሽቦውን ያዘ።

«ስምህ ማነው?» አለኝ።

«ታምራት።»

«አስራ አንድ ወር ሱቄ ስትመጣ አልጠየቅኩህም። ይቅር በለኝ።» ሽቦውን ወጠር አድርጎ «ያ መብረቅ አንተን መቶህ ቢሆን፣ ታምራት፣ ለማን ነበር የምናስታውቀው?» አለኝ።

ፒንሳው እጄ ላይ ቆመ። «ለመሥሪያ ቤቱ» አልኩት።

«መሥሪያ ቤት ያለቅሳል እንዴ?»

ሽቦውን ጨርሰን ጠቅልለን አስቀመጥን፤ ምሰሶ የሚሆን እንጨትና ሰው በማለዳ ይዞ ሊመጣ ተስማምተን ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ልተኛ ሞከርኩ። ግራ ጆሮዬ ይጮኻል፤ በጩኸቱ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ይመላለሳሉ። ከነሱ ይልቅ ያንገላታኝ ግን የአዮ ፋጡማ ፊት ነበር። አንዲት እናት ስለ ልጇ ጠይቃኝ እኔ ጫማዬን አይቻለሁ። ክፋት ኖሮኝ አይደለም፤ ሊነገር የሚችልበት ቃል ስላጣሁ ነው። ያኔ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቴን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ፣ ፊደል የማይቆጥር ሰው፣ ፖስታ ቤት ሄዶ «ለልጄ እናትህ ሞተች በሉልኝ» ለማለት በሩ ድረስ ሄዶ ሲመለስ። ሄዶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን እንዲያ አየሁት።

አርብ ማለዳ ሸምሱ ከቡና መጋዘኑ ስምንት ጎበዞችና አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ። ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ሽቦውን ከጫፉ አሰርን፣ «ሆ!» ብለው አቆሙት፤ ድንጋይ ከበውበት አጠበቁት። ሰዉ ተሰበሰበ። አዮ ፋጡማም መጡ፤ ከአጥሩ አጠገብ ካለ ግንድ ላይ ተቀመጡ፣ መቁጠሪያቸው በእጃቸው።

ጊዜው ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የምንገናኘው ሦስት ሰዓት ላይ። ቢሆንም ሞከርኩ። የራሴን ጣቢያ መጥሪያ መታሁ፤ ጠበቅኩ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ መልስ መጣ። ያ ረጋ ያለ እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ረጋ ያለ አልነበረም፤ እንደሚሮጥ ሰው ነበር። «የት ጠፋህ? ከትናንት ጀምሬ እጠራሃለሁ» አለኝ። ለካ መልእክቱን ሲጨርስ «ደርሶኛል» ስላላልኩት ማዳመጫውን አላወረደም።

«ከእናትየዋ ቀጥሎ ያለውን ቃል ድገምልኝ። ያንን ብቻ። ቀስ በል» ብዬ መታሁለት።

ከዚያ ሸምሱን በእጄ ጠራሁት። ለሥራ ካልሆነ ማንም ወደ መሣሪያው አይቀርብም፤ ደንብ ነው። እኔ ግን ማዳመጫውን ከራሴ አወረድኩና አንዱን ጆሮ ለሱ፣ አንዱን ለእኔ ያዝን፤ እኔ በቀኝ ጆሮዬ፣ ግራው ገና አልሰማ ብሎኛልና። ጭንቅላታችን ተነካክቷል። የጢሙ እርጥበት ጉንጬ ላይ ይሰማኛል።

በአየሩ ውስጥ ትንሽ ሹክሹክታ፤ ከዚያ መጣ።

ረጅም።

ሸምሱ ክንዴን ያዘ።

አጭር።

«የመጀመሪያው ነው!» አለ በሹክሹክታ። «ታምራት፣ የመጀመሪያው አይደለም እንዴ? ረጅሙ ቀድሞ ነው የመጣው!»

«ቆይ» አልኩት። ቃሉ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። «ድገም» ብዬ መታሁ። ደገመው። ሦስተኛም አስደገምኩት። ረጅም፣ አጭር። ረጅም፣ አጭር። ባልደረባዬ ምን እንደገባው እንጃ፣ አራተኛውን ሳልጠይቀው ራሱ ጨመረና ከኋላው እንዲህ ሲል አከለበት፦ «ትናንት ማታ ውሃ ጠጥታለች። ስለ ባሏ ጠየቀች።»

ይህንን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሸምሱ መሬት ላይ ተንበረከከ፤ ተነሳ፤ በሩን ሊከፍት ሄዶ ግድግዳውን ዳበሰ፤ ከዚያ በሩን አገኘውና ወጣ። «አዮ! አዮ!» ሲል ሰማሁት። የአሮጊቷ እልልታ ተነሳ፤ የትናንቱ ያህል ቀጭን አልነበረም፤ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ጎበዞቹ ሸምሱን ተሸከሙት፤ ጩኸቱ በመንገዱ ወረደ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

እኔ ማዳመጫውን ይዤ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ አልቀየምኩም፣ ሰው ደስታውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ቤቱ ነው። ግን እንዲህ ያለ ብቸኝነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሰምቶኝ አያውቅም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀስኩትን ለቅሶ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የዕለቱን ሥራ ሠራሁ። ሁሉን ላክሁና ስጨርስ «አንድ ይቀረኛል» ብዬ መታሁ። አድራሻ ናዝሬት፣ የአባቴን ስምና ሰፈራችንን። ቃሉን ጽፌ አላዘጋጀሁትም፤ ከጣቴ እንደመጣ ነው የመታሁት፦ «አባባ ደህና ነኝ። መቻራ ነኝ።»

«ላኪ ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀኝ ባልደረባዬ።

«ታምራት። እኔ ነኝ።»

ትንፋሽ ወሰደ። «እኔ በቀለ እባላለሁ» አለኝ፤ ደንቡን ሁለታችንም ጣስነው።

ከድጃ ወንዙ ጎድሎ ድልድዩ ሲሠራ ሕፃኑን ይዛ ተመለሰች፤ ከስታ፣ ግን በእግሯ ከመኪናው ወርዳ። ሸምሱ ከዚያን ወዲህ ከመንገድ ማዶ ሆኖ «ታምራት!» ብሎ ይጠራኛል፤ ከተማው ሁሉ ከሱ ሰምቶ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። ኦሮምኛ የተማርኩት እነሱ ቤት፣ ከአዮ ፋጡማ ጋር ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን ሆጃ እየጠጣሁ ነው። ስሳሳት በጣም ይስቁብኛል፤ እኔ ግን በእሳቸው አማርኛ አንድ ቀን ስቄ አላውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ይህንን ያህል ዓመት ከሰው ቃል ጋር ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ያልሰማሁትን ቃል ጽፌ አላውቅም፤ ተጠራጥሬ ሳላስደግም ያለፍኩት መልእክት የለም። ይህ የሥራው ትምህርት ነው። ሌላው ግን ለእናንተም የሚሆን ይመስለኛል። በዓመታት ዝምታዬ አባቴን የቀጣሁ ይመስለኝ ነበር። ዝም ያለን ሰው ዝምታ ሌላው እንደፍርሃቱ ነው የሚተረጉመው፤ እኔም ያቺን የመጀመሪያ ምት የተረጎምኩት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። የሆነ ቦታ ላይ ስለናንተ «ተርፎ ይሆን፣ አርፎ ይሆን» እያለ የሚያድር ሰው ካለ፣ እባካችሁ አታስተርጉሙት። ራሳችሁ ንገሩት።

ከአባቴ መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በቀለን በየቀኑ «ለኔ የመጣ አለ?» እለው ነበር፤ «የለም ወንድሜ» ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት መጠየቅ ተውኩ። ተቀይሞኛል፣ ይገባኛል አልኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ የቡና መኪና ከጣቢያው ፊት ቆመ። ከጭነቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው በሁለት ወጣቶች ድጋፍ ወረደ። ኮቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል፣ በእጁ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ጥቅል ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ሸብቷል። እናቴ ስትሞት የሸበተውን ፀጉር ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አባባ» አልኩና ወንበሬን ሳብኩለት።

ተቀመጠ። ከናዝሬት እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ በጭነት መኪና፣ ከዚያ መኪና ሲያጣ ገለምሶ ላይ ሦስት ቀን አድሮ፣ እንዲያ እያለ እንደመጣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። የላክሁትን የጎረቤት ልጅ እንዳነበበለት ነገረኝ። ከዚያ ስለ መልሱ ያነሳው ራሱ ነው።

«ላስመልስ ሄጄ ነበር» አለ። «ጸሐፊው ‹በአጭሩ ንገሩኝ አባት፣ አራት አምስት ቃል ይበቃል› አለኝ። ቆሜ አሰብኩ። ስለ እናትህ አለ፣ ስለ ቀብሩ አለ፣ ለምን እንዳልጠራሁህ አለ። ለዚያ ሁሉ አራት ቃል ከየት ላምጣ? ስለዚህ መጣሁ።»

የጫማውን ክር ፈታሁለት። እግሩ አብጧል። ውሃ ላሞቅ ወጣሁ፤ ስመለስ፣ ጥቅሉን በጭኑ ላይ እንደያዘ፣ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ወስዶታል።